ከአርባ እስከ ሰማንያ ቀን

ድንጋዩ እንስራውን ስቶ የተስፋውን ማጅራት መታው። ገና ከምንጩ ቀና እያለ ነበርና ውሃው ተንቦጫርቆ አንገቱን አራሰው። ከላይ ከቋጥኙ ሳቅ ወረደ።

«ወይዘሮ ተስፋው! መቀነትሽን አጥብቂ እንጂ፣ ይወድቅብሻል!»

ድምፁን ያውቀዋል። ምንዋጋው ነው፤ በወይራ አምባ መንደር ምላሱ ከዱላው የሚቀድም፣ ዱላውም ብዙ የማይዘገይ ሰው። ሁለት የአጎቱን ልጆች ግራና ቀኝ አድርጎ ቋጥኙ ላይ ተቀምጧል። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። መውጫው ድንጋይ ተጠርቦ የተሠራ ጠባብ ደረጃ ስለሆነ አህያ አይወርደውም፤ ውሃ ከዚያ የሚወጣው በሴት ጀርባ ብቻ ነው። ወንድ እንስራ አዝሎ ያንን ደረጃ ሲወጣ ከታየ ገና አራተኛ ቀኑ ነው፤ ወንዱም ተስፋው ነው።

ተስፋው እንስራውን ከጀርባው ፈታ፤ በሁለት ድንጋይ መካከል አመቻችቶ አስቀመጠው፤ እንዳይጋደልም በጠጠር ደገፈው። ከዚያ በእጅና በእግሩ እየቧጠጠ ቋጥኙን ወጣ።

ምንዋጋው ይመጣል ብሎ አላሰበም ነበር። ዱላውን ሲያነሣ ተስፋው እግሩን ይዞ ሳበው፤ በጀርባው ወደቀ። ከአጎቱ ልጆች አንዱ በዱላ ቅንድቡን ሰነጠቀው፤ ሌላው ወገቡን መታው። ተስፋው ግን የያዘውን አልለቀቀም። ምንዋጋው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ሳያይ፣ ፊት የመሰለውን ሁሉ በጡጫ ደበደበ። ሲያነሡት ከእጁ አንጓ ላይ የሰው ጥርስ ተሰክቶ ነበር። ነቅሎ ጣለው።

«ሁለት ነው» አለ ምንዋጋው አፉን በእጁ እየያዘ፤ ደም በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። «ሁለት ጥርስ አጉድለኸኛል። ለወንድምህ እነግርብሃለሁ፤ የአባታችሁን ስም እንዴት እንዳዋረድኸው እሱ ይጠይቅህ።»

ተስፋው ወርዶ እንስራውን አዘለ። ቤቱ ሲደርስ ግን፣ ሊያዝለው ጎንበስ ሲል ከቅንድቡ የወረደው ደም በእንስራው አፍ ገብቶ ውሃውን አቅልሞታል። ደጅ ላይ ደፋው። ከዚያ ተመልሶ ወረደ።

የዚህ ሁሉ መነሻ ጠጠር ነበር።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ አሥራተ ማርያም የሚባል ወጣት የጤና መኮንን ከአንዲት ነርስ ጋር ሰቆጣ መጥቶ፣ በወሊድ ምክንያት ማህፀናቸው የወረደ ሴቶችን መዘገበ። እርጉዞቹን ነው የፈለገው፤ እንደገና ሲወልዱ ሕመሙ እንዳይብስባቸው ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሊያጠና። ተስፋው ሚስቱን ማሬን ይዞ ሄደ። ማሬ ከሁለተኛ ልጇ ወዲህ ስታስነጥስ እጇን ወደ ታች ትልካለች፤ ከምንጩ ስትመለስ ከግድግዳው ሥር በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ፣ የወጣው እስኪገባ ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች። ታላቅ ወንድሙ ገብረ ኪዳንም ሚስቱን ወለተ ሐናን ይዞ አብሮ ሄደ፤ የእሷም ሕመም ያው ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው፤ ሚስቶቻቸውም እርግዝናቸው እኩል ነበር።

አሥራተ ማርያም ስድሳ ሴቶችና ባሎቻቸውን አስቀምጦ በቀስታ ተናገረ።

«መድኃኒት የለውም፤ መርፌም የለውም። ስድሳ ጠጠር በቅል ውስጥ አለ፤ ሠላሳው ነጭ፣ ሠላሳው ጥቁር። ነጭ የደረሳት ከወለደች በኋላ ሰማንያ ቀን ከባድ ነገር አታነሣም። እንስራ የለም፣ እንጨት የለም፣ ወፍጮ የለም። በቀን ሦስት ጊዜ ደግሞ ነርሷ የምታሳያትን ትሠራለች። ጥቁር የደረሳት እንደ ድሮዋ ትኖራለች።»

«ጥቁሯ ምን በደለች?» አለች ወለተ ሐና። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ምንም አልበደለችም» አለ አሥራተ ማርያም። «ሁላችሁንም ባሳርፍ፣ የጠቀማችሁ ዕረፍቱ ይሁን ወይም ጊዜው በራሱ መለየት አልችልም። ዕረፍቱ እንደሚያድን ካወቅሁ የእናንተም ተራ ይደርሳል።»

ሰማንያ ቀን ያለው አስቦበት ነው። ሴት ልጅ የወለደች እናት ልጇ እስክትጠመቅ ሰማንያ ቀን ታርፋለችና፣ አገሩ የለመደውን ቁጥር ብይዝ አይከብዳቸውም ብሎ ነው። ወንድ ልጅ የወለደች ግን በአርባ ቀኗ ልጇን አስጠምቃ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብታ፣ በማግሥቱ እንስራዋን ታዝላለች። ይህንንም አሥራተ ማርያም ያውቃል። ያልገመተው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አርባ ቀናት በአገሩ ዘንድ ስም የሌላቸው መሆናቸውን ነው። የአራስነት አይደሉም፤ የሕመም አይደሉም፤ ምንም አይደሉም።

ማሬ ነጭ አወጣች፤ ወለተ ሐና ጥቁር። ነጭ የወጣላቸው ሴቶች ባሎች አንድ በአንድ በመስቀል ማሉ። ተስፋው እጁን ጭኖ «ሰማንያ ቀን እንስራ አላሸክማትም» አለ። ገብረ ኪዳን ትከሻውን መታ አደረገው።

«ለእኔስ እግዜር አዘነልኝ። ዕጣ የእሱ ነው።»

ኅዳር ላይ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ወንድ ወለዱ። እስከ አርባው ቀን የጎረቤት ሴቶች ተራ ይዘው ለሁለቱም ውሃ አመጡ። በአርባ አንደኛው ቀን ወለተ ሐና እንስራዋን አዝላ ወረደች። የማሬ እንስራ ግን ከነገመዱ ተቀምጦ ቀረ። ጎረቤቶቹ ጠበቁ፤ ማሬ አልተነሣችም። ጀርባዋ ሥር ጨርቅ አድርጋ ተኝታ፣ ሽንት እንደሚቋጥር ሰው የታች ሥጋዋን ጨብጣ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ ትለቃለች፤ እንደገና ትጨብጣለች። ተስፋው ወደ ምንጩ የወረደው ያን ቀን ነው።

ገብረ ኪዳን የመጣው በሃምሳኛው ቀን ማለዳ ነው። ተስፋው ገመዱን እያጠበቀ ሳለ በር ላይ ቆመ። ዱላውን ይዟል።

«ጣለው» አለ።

«ልሂድበት፣ አያ።»

«አባታችን ይህን ቢያይ መቃብሩን ፈንቅሎ ይወጣ ነበር።»

«ይውጣና እንስራውን ይቀበለኝ። ደረጃው ለብቻ ይከብዳል።»

ማሬ ከውስጥ ሳቋ አመለጣት። ገብረ ኪዳን ሳቁን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ። ዱላውን ሰንዝሮ በተስፋው ጀርባ ላይ ያለውን እንስራ መታው፤ እንስራው ተሰንጥቆ ስብርባሪው ወረደ። ሁለተኛው ምት ጀርባው ላይ፣ ሦስተኛው ክንዱ ላይ ዐረፈ።

«ወንድ ወልዳ የሴት አራስ! ሴት ነው እንዴ የወለደችው? ገልጠን እንይ?» እያለ ይመታል። «ገበያ ስሄድ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? 'የወንድምህ ሚስት ዝሆን ወልዳለች ወይ' ይሉኛል! ሚስቴ አገር ዝቋላ ድረስ ተሰምቷል!»

ተስፋው ታላቁን አይመታም። ራሱን በእጁ ጋርዶ ቆመ፤ ሲበቃው ገብረ ኪዳን ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ማሬ ሕፃኑን አቅፋ ብቅ አለች፤ ስብርባሪውን አየች።

«ተወው» አለችው። «አርባው ቀን ይበቃኛል። ሌሎቹ ሴቶች ሞቱ?»

«ወለተ ሐናን አይተሻታል ዛሬ?»

ማሬ አይታታለች። ወለተ ሐና እግሯን አራርቃ ነው የምትራመደው።

ተስፋው ያን ቀን በአራት ቅል ውሃ አመጣ። በማግሥቱ ከማሬ አክስት እንስራ ተዋሰ።

በስድሳ አንደኛው ቀን ወለተ ሐናን ደረጃው መካከል ላይ አገኛት። እንስራውን ከግድግዳው አስደግፋ፣ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ድንጋይ ላይ ጥላለች። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ደም ነክቶታል። ተስፋው ዓይኑን መለሰ።

«አይዞሽ። ማሬን ልጥራልሽ?»

«ማሬ ደረጃ አትወርድም» አለችው ቀና ሳትል። «ለእሷ በመስቀል ተምሎላታል። ለእኔ ማን ማለልኝ፣ ተስፋው?»

ቆመ። የሐኪሙ ቃል በጆሮው አለ፤ ጥቁር የደረሳት እንደ ድሮዋ ትኖራለች። የሷን እንስራ ካነሣ ሐኪሙ በስድሳ ሴት የደከመበትን እሱ በአንድ እንስራ ያበላሸዋል። ካላነሣው ደግሞ ይህች ሴት እዚሁ ትቀራለች። ዙሪያውን አየ፤ ሰው የለም። የራሱን እንስራ አሥር ደረጃ አውጥቶ አስቀመጠ፤ ተመልሶ የሷን አዘለና አሥር ደረጃ አወጣ። እንዲህ እያፈራረቀ ከላይ ደረሰ። ክትክታው ቁጥቋጦ ጋ ሲደርሱ መንደሩ ያያልና አሸከማት።

«ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እኔማ ምን ብዬ?» አለችው። «ብቻ ነገም እዚሁ እጠብቅሃለሁ።»

አምስት ቀን እንዲህ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ምንዋጋው አያቸው።

ገብረ ኪዳን እህሉን ወቅቶ ጭዱን እየለየ ነበር። ምንዋጋው አውድማው ዳር ተቀምጦ ሣር እየነጨ አወራው። ጥርሱ ከጎደለ ወዲህ ንግግሩ ያፏጫል።

«የወንድምህ ጀርባ ሰፊ ነው፤ የሁለት ሚስት ውሃ ይችላል።»

«ምን አልህ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ክትክታው ጋ ሲያሸክማት አየሁ። ወገቧን ይዞ ነው የሚያሸክማት።»

ገብረ ኪዳን መንሹን ጣለ። ከዚያ ከምንዋጋው ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም፤ ቤቱ እስኪደርስ ሮጠ።

ወለተ ሐና ልጇን እያጠባች ነበር። ልጁን ከጡቷ ነጥቆ መደቡ ላይ ወረወረው፤ በጸጉሯ ይዞ ወደ ደጅ ጎተታት። በዱላ ሳይሆን በእግሩ ነው የመታት፤ ሆዷ ላይ፣ ጎኗ ላይ፣ እጇን ስትዘረጋ እጇ ላይ። ጩኸቷን ሰምቶ ተስፋው ሲደርስ መጮኹን ትታ በአፏ አየር ትፈልጋለች። የጎኗ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰምቷል።

«አያ! አያ፣ ገደልኻት!»

«አንተን ነው የምገድለው!» ገብረ ኪዳን ዞረ። አሁን ዱላውን አንሥቷል። «ውሃዋን ተሸክመህ፣ ቀጥሎ ምኗን ልትሸከም ነው?»

«ደም ይፈስሳት ነበር! አንተ ዓይን የለህም?»

ዱላው ወረደ። ተስፋው ራሱን ሊጋርድ ቀኝ እጁን ሰደደ፤ ክንዱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተቀነጠሰ። እጁ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ ታላቅነቱን ረሳው። በጭንቅላቱ የወንድሙን ፊት መታው፤ አፍንጫው ተሰበረ። ወደቁ፤ ተንከባለሉ። በግራ እጁ ጉሮሮውን ያዘ፤ ገብረ ኪዳን ደግሞ የተሰበረውን ክንድ ይዞ ጠመዘዘው። ተስፋው እንደ ከብት አጓራ። ጎረቤት ደርሶ ባይለያቸው አንዱ ይሞት ነበር።

በማግሥቱ በግቢው ውስጥ ውሃ የሚባል አልነበረም። ወለተ ሐና መደቡ ላይ ተጋድማ ትንፋሽ እየቆጠረች ነው። ተስፋው ወጌሻ ክንዱን በሸምበቆ አስሮለት ግድግዳ ተደግፏል። ጎረቤቶቹ የወንድማማቾች ደም ያለበት ግቢ አንገባም ብለው ራቁ። በሁለቱም ቤት ልጆች ይነጫነጫሉ። ማሬ እስከ ቀትር ታገሠች፤ ከዚያ ተነሣችና ገመዱን በወገቧ አዞረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጆች ተጠምተዋል።»

«አስቀምጪው። አሥራ አራት ቀን ብቻ ነው የቀረን።»

«አሥራ አራት ቀን ምን ሊጠጡ ነው? ቁጥር ይጠጣሉ?» እንስራውን ልታነሣ ጎንበስ አለች።

ተስፋው ከተቀመጠበት እንዴት እንደተነሣ አያውቅም። በግራ እጁ በጥፊ መታት። እንስራውን ለቀቀች፤ ጉንጯን ይዛ አየችው። በስምንት ዓመት ትዳራቸው መትቷት አያውቅም።

«ይኸም ከሕክምናው ነው?» አለችው። «ነርሷ ይህን አልነገረችኝም።»

ተስፋው የመታበትን እጁን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። ቅሏን አንሥቶ ወጣና፣ ክንዱ በየደረጃው እየነዘረው፣ አንድ ቅል ውሃ አምጥቶ ለልጆቹ ሰጠ። ማሬ ያን ቀን አላነጋገረችውም፤ እንስራውን ግን አልነካችም።

በስድሳ ዘጠነኛው ቀን ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀመጡ። ዳኛው አባ ወልደ ኢየሱስ ናቸው፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ቄስ፣ ሕጉን በቃል የሚያውቁ። የወይራ አምባ ሕግ በዚህ ነገር አጭር ነው። የሰው እጅ የሰበረ፣ ያ እጅ እስኪድን ሥራውን ይሠራለታል።

«አውድማውን እወቃለታለሁ፤ ማሳውን አርስለታለሁ» አለ ገብረ ኪዳን። አፍንጫው አብጦ ድምፁ ታፍኗል። «ሕጉን አልጠላም።»

«አውድማዬን ከጨረስሁ ቆይቻለሁ፣ አባ» አለ ተስፋው። «እርሻም አልጀመርሁም። እጄ ሲሰበር የምሠራው ሥራ ውሃ መቅዳት ነበር።»

ቅጥሩ ጉምጉም አለ። ገብረ ኪዳን ዘሎ ተነሣ። «ውሃ የወንድ ሥራ ነው እንዴ? የሌለ ሥራ አይከፈልም!»

አባ ወልደ ኢየሱስ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሕጉ ሥራውን ነው የሚለው፤ የወንድ ወይም የሴት አይልም። ግን መሥራቱን ማን ይመሰክርልሃል፣ ተስፋው?»

«ምንዋጋው ይመስክር።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ምንዋጋው ሊያፈገፍግ ሞከረ፤ አባ በመስቀሉ ጠሩት። በመስቀል መዋሸት አይሆንለትም። ስንት ቀን ሲቀዳ እንዳየው ተጠየቀ።

«ሃያ ስድስት ቀን» አለ እያፏጨ። «በየቀኑ። አንዳንድ ቀን ሁለቴ። ... ሁላችንም አይተናል። ሁላችንም ስንስቅ ነበር።»

«ስትስቁ ነበር» አሉ አባ። «እንግዲያው ምስክሩ በዛ።»

ያን ጊዜ ማሬ ወለተ ሐናን ደግፋ ገባች። ወለተ ሐና በደንብ መቆም አትችልም፤ ድምፅዋም ሹክሹክታ ነው።

«የጎን አጥንት አጥንት አይደለም ወይ፣ አባ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሚስቱን መምታቱ የቤቱ ነው» ሲል አቋረጣት።

«እኔ ስለ ቤቱ አልጠየቅሁም። ሕጉ የሰው እጅ ነው ያለው፤ እኔ ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም? ብሉኝ፤ አይደለሽም ካላችሁኝ ዝቋላ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ወንድሞቼ ሦስት ናቸው፤ ጠመንጃም አላቸው። እነሱ ደግሞ መጥተው ይጠይቋችሁ።»

የሳቀ የለም። የዝቋላ ሰዎች ሲመጡ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ከእነሱ ጋር የነበረው የቀድሞው ደም ገና በይቅርታ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ተነጋገሩ። ሲጨርሱ አባ ወልደ ኢየሱስ ተነሡ።

«ገብረ ኪዳን ለሁለቱም ቤት ይቀዳል። የክንዱም፣ የጎኑም አጥንት እስኪድን። እምቢ ያለ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ሲሞትም አልፈታውም።»

ገብረ ኪዳን በማግሥቱ ማለዳ እንስራ አዝሎ፣ ዱላውን በቀኝ እጁ ይዞ ወረደ። ምንጩ ጋ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁለት። ምንዋጋው ቋጥኙ ላይ ነበር። መሳቁን ሰዎች ይለያዩበታል፤ አንዳንዱ ጥርሱ ስለሌለ ነው እንጂ አልሳቀም ይላል። ገብረ ኪዳን እንስራውን አወረደ፤ ወጥቶ ያዘው፤ ጉልበቱን በዱላ ሰበረው፤ ሲወድቅም ሁለተኛውን ሊጨምርለት ሲል ሴቶቹ ዱላው ላይ ተንጠላጠሉ። የዚያ ፍርድ ሌላ ጊዜ ታየ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቋጥኙ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ገብረ ኪዳን በቀን አራት ጊዜ ይወርዳል፤ ውሃውን በር ላይ ደቅኖ ሳይናገር ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማሬ እንስራውን ስትቀበለው «ይህ ደረጃ ስንት ነው?» አላት።

«መቶ አርባ ሁለት» አለችው።

«እኔ መቶ ሃምሳ ቆጠርሁ» አለና ሄደ።

በሰማንያ አንደኛው ቀን አራቱም ሰቆጣ ሄዱ። ወለተ ሐና በተዋሱት በቅሎ ላይ ናት። ነርሷ ሁለቱን ሴቶች አንድ በአንድ መጋረጃ ውስጥ አስገብታ መረመረች። አሥራተ ማርያም መዝገቡን ዘርግቶ፣ ነርሷ ስትነግረው ጻፈ።

«የማሬ ወደ ቦታው ተመልሷል። ስታስል እንኳ አይወርድም።»

ተስፋው ዓይኑን ጨፈነ። ማሬ አላየችውም፤ ልጇን ታስተካክላለች።

«የወለተ ሐና ከጥቅምቱ ብሷል። ደግሞ ሦስት የጎን አጥንት ተሰብሯል።»

አሥራተ ማርያም ብዕሩን አቆመ። ሸምበቆ የታሰረውን ክንድ፣ የተጣመመውን የገብረ ኪዳንን አፍንጫ አየ። ተስፋው ምንም ሳይደብቅ ነገረው፤ ድንጋዩን፣ ጥርሱን፣ ክንዱን፣ ጥፊውንም።

«ስድስት ቀን የሷን እንስራ ተሸክሜያለሁ» ብሎ ጨረሰ። «ጥናትዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«የሷን ስም እሰርዛለሁ» አለ አሥራተ ማርያም በቀስታ። «እንደ ድሮዋ አልኖረችምና መቁጠር አልችልም።» ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረ። «ነጭ ከደረሳቸው ስንቱ ተደብድበዋል?»

«እስካሁን ከተመለሱት ሃያ ሁለት፣ ዘጠኙ ላይ ሰንበር አይቻለሁ።»

«ዘጠኝ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«መዝገቡ ላይ ቦታ የለውም» አለች ነርሷ። «ዓምዶቹን ያሰመሩት እርስዎ ነዎት።»

አሥራተ ማርያም ፊቱ ቀላ። ከዚያ ማስመሪያ አንሥቶ በገጹ ዳር አዲስ መሥመር አሰመረ፤ ከማሬ ስም አንጻር ጻፈ። ተስፋው ማንበብ አይችልም፤ ግን ምን እንደተጻፈ አልጠየቀም።

«ወይዘሮ ወለተ ሐና» አለ ሐኪሙ፤ «ከጥናቱ ስለወጡ ጥናቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለብዎትም። ከፈለጉ ዕረፍቱን ዛሬ መጀመር ይችላሉ። ሰማንያ ቀን። ግን ባለቤትዎ...» ቃሉን አልጨረሰውም። በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገብረ ኪዳንን አየ። በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ የእንስራው ገመድ ደረቱ ላይ ሰንበር አውጥቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ።

«ይጠይቁ።»

«አሥራ አራቱ ቀን ይታሰብልኛል?»

«የትኛው አሥራ አራት ቀን?»

«የተኛችበት። አጥንቷ ከተሰበረ ወዲህ ያለው። ያን ጊዜም እንስራ አልነካችም።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሥራተ ማርያም ሊመልስ ሲል ወለተ ሐና ቀደመችው። ጎኗን በክንዷ ደግፋ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«አይታሰብም» አለች። «ከዛሬ ጀምረህ ቁጠር።»

ገብረ ኪዳን ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ተስፋው ባልተሰበረው እጁ ወንበሩን ጨበጠ፤ ማሬም ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አንድ» አለ ገብረ ኪዳን።